ገናን ከትንሽ ልጅ ጋር በሰላም ማሳለፍ፦ ከገበያው ሳምንት እስከ ጥምቀት ማግስት፣ ባህር ዳር ላላችሁ ወላጆች

ይሄ መመሪያ ከ1 እስከ 5 አመት ያለ ልጅ ላላችሁ ነው። በየአመቱ የሚሆነው ያው ነው፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ እናት ድስት ላይ ናት፣ አባት በግ ይዟል፣ አያት እንግዳ ትቀበላለች፣ ልጁን ሁሉም "እገሌ ጋ ነው" ብሎ ያስባል እና ማንም ጋ አይደለም። ቃጠሎውም፣ ማነቁም፣ መጥፋቱም የሚመጣው በዛች ክፍተት ነው። ስለዚ ከታች ያለው ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ በእያንዳንዱ ሰአት ልጁን የሚይዝ አንድ ሰው በስም ይታወቅ፣ ያ ሰው በዛ ሰአት ሌላ ምንም ስራ አይኑረው። ከዚ በኋላ ይሄን ሰው "ተረኛ" ነው የምለው።

ደረጃ 1፦ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት

ቀኑን አረጋግጡ

ገና ታህሳስ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታህሳስ 28 ይውላል (2016 ላይ እንደዛ ነበር፣ ቀጣዩ 2020 ነው)። ከስራ ፍቃድ የምትጠይቁት፣ ልጅ እንድትይዝ ከገጠር የምትመጣ ዘመድም ካለች የምትቀጥሯት በዛ ልክ ይሁን። ሰው በብዛት የሚያስፈልጋችሁ ደሞ በዋዜማው ቀን ነው እንጂ በበዓሉ ቀን አይደለም፣ ስራው ያለው ዋዜማ ላይ ነው።

ተራ አውጡ

1. ከዋዜማው ጠዋት እስከ በዓሉ ማታ ያለውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሰአት አድርጋችሁ ከፋፍሉት፣ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት።
2. በየሰአቱ አንድ ስም ብቻ ይኑር። "እኔና እህቴ" ብሎ ነገር የለም፣ ሁለት ሰው ከተጻፈ ሁለቱም ይተዋሉ።
3. አባት ይግባበት። በጉን ለማረድ አንድ ሰአት ይበቃዋል፣ ቀሪው ቀን ክፍት ነው።
4. ትልልቅ ልጆቻችሁን ተረኛ አታድርጉ። የ8 አመት ልጅ ታናሹን ያጫውታል እንጂ አይጠብቅም፣ ጨዋታ ሲጠራው ይሄዳል፣ አይፈረድበትምም።
5. እምዬ ጉልበቷን የሚያማት ከሆነ የሚሮጥ ልጅ አትስጧት፣ የቀን እንቅልፍ ሰአቱን ስጧት፣ ተረት እየነገረች ታስተኛዋለች።
6. ርክክቡ በቃል ይሁን። ሰጪው "ያዝ፣ ያንተ ነው" ይበል፣ ተቀባዩ "ያዝኩት" ይበል። በዝምታ ትቶ መሄድ አይቻልም፣ ሽንት ቤት ለመሄድም ቢሆን።

ተራው ቢበላሽስ? ተረኛው ድንገት መውጣት ካለበት እና ተቀባይ ከሌለ ስራ ይቁም። ሽንኩርቱ ይጥፋ፣ እሳቱን አጥፉና አንዳችሁ ልጁን ያዙ። ወጥ ይጠብቃል።

የመድሃኒት ሳጥን አዘጋጁ

በበዓል ቀን ብዙ ፋርማሲ ዝግ ነው፣ ክፍቱን ፍለጋ የታመመ ልጅ ታቅፎ መዞር ደሞ ከባድ ነው። አስቀድማችሁ ግዙ፦ ኦአርኤስ ሶስት ፓኬት፣ ዚንክ፣ ቴርሞሜትር፣ የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ። ሽሮፑን ስትገዙ የልጁን ኪሎ ተናገሩና ፋርማሲስቱ ስንት ሚሊ ሊትር በስንት ሰአት እንደሚሰጠው ካርቶኑ ላይ በእስኪብርቶ ይጻፍላችሁ፣ ሌሊት ላይ በግምት እንዳትሰጡ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። አስም ካለው ፓፉ እንዳላለቀ አረጋግጡ።

የሁሉም ሰው ሞባይል ላይ ሁለት ቁጥር ይግባ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና ሌሊት ስልክ የሚያነሳ የምታውቁት የባጃጅ ሹፌር። ፈለገ ህይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ከቤታችሁ የቱ እንደሚቀርብም ከአሁኑ ተነጋገሩ፣ በድንጋጤ ሰአት መከራከር ጊዜ ይበላል።

ደረጃ 2፦ ገበያ

ከተቻለ ልጁን አትውሰዱት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሶስት ቀናት ገበያው ውስጥ በጉም ሰውም ጋሪውም አንድ ላይ ነው፣ የትንሽ ልጅ ፊት ደሞ በጉ ቀንድ ከፍታ ላይ ነው። ግድ ከሆነ፦

- ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ፀሀዩ ሳይከር።
- እዘሉት ወይ በአንቀልባ ያዙት፣ እጅ ለእጅ አይበቃም። ዋጋ ስትከራከሩ እጃችሁ መላቀቁ አይቀርም።
- ባጃጅ ውስጥ መሀል ላይ ይቀመጥ፣ በሁለት ትልቅ ሰው መካከል። ዶሮውንና ሽንኩርቱን ዳር አድርጉት እንጂ ልጁን ዳር አታድርጉት።

የሚገዛ ነገር ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ ፊኛ፦ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ አፉ ከገባ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ አየር ይዘጋል፣ ስለዚ ከፍ ብሎ ይሰቀል እንጂ አይሰጠው፣ ሲፈነዳ ቁርጥራጩን ወዲያው ልቀሙ። ሁለተኛ የሚዘምሩና የሚበሩ ርካሽ መጫወቻዎች፦ ውስጣቸው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነች ባትሪ አለች። ክዳኑ በብሎን ካልታሰረ አትግዙት። ልጁ ባትሪዋን ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ "በሰገራ ይወጣል" ብላችሁ አትጠብቁ፣ አታስመልሱት፣ በዛችው ደቂቃ ሆስፒታል ሂዱ፣ ጉሮሮ ላይ ከቀረች በሁለት ሰአት ውስጥ ልታቃጥለው ትችላለች።

አዲሱን ጫማ ከበዓሉ በፊት ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ይለማመደው።

ደረጃ 3፦ በጉ እና ዶሮው

በጉ ሁለት ሶስት ቀን ግቢ ካደረ ልጁ ይወደዋል፣ ሳር ያበላዋል፣ ስም ያወጣለታል። ይሄ ችግር የለውም፣ ግን ገመዱ አጭር ይሁን፣ ልጁ ብቻውን አይጠጋ፣ በጉን በነካ ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ስለ መታረዱ አስቀድማችሁ ንገሩት። በአጭሩ፦ "ይሄ በግ ለበዓል ነው የመጣው፣ እንበላዋለን።" ለ3 አመት ልጅ ይሄ ይበቃል። "ጠፋ" ወይ "ወደ እናቱ ሄደ" አትበሉት፣ በኋላ ይፈልገዋል፣ "እኔስ እጠፋለሁ?" የሚል ፍርሀትም ይገባበታል። ካለቀሰ ዝም ብላችሁ እቀፉት፣ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ምናምን አያስፈልግም።

እርዱ ሲካሄድ ተረኛው ልጁን ይዞ ከግቢ ይውጣ። ቢላዎቹ ታጥበው፣ ተቆጥረው፣ ከፍ ያለ ቦታ ከተቀመጡ በኋላ ይመለስ። በሳር ላይ የተረሳ ቢላ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል።

ደረጃ 4፦ የዋዜማ ኩሽና

በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ይሄ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ድንበር አስምሩ

ኩሽናው በር ላይ አግዳሚ ወንበር ወይ ጆንያ ሽንኩርት በአግድም አስቀምጡ። ከዛ ወዲህ ልጅ አያልፍም። ማብሰያው ግቢ ውስጥ ከሆነ ደሞ ከምድጃው ዙሪያ ትልቅ ሰው አንድ ተኩል እርምጃ የሚራመደውን ያህል መሬቱ ላይ በኖራ ወይ በከሰል ክብ ስሩ። ህግ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለትልቁም ነው፣ ልጅ ታቅፎ ክቡ ውስጥ የሚገባ ሰው አይኑር።

የዶሮ መንጫውን ውሃ ጠብቁ

ሰው ጋዙንና ምድጃውን ይፈራል፣ ትልቁን አደጋ ግን የሚያመጣው መሬት ላይ የተቀመጠው ዶሮ የሚነጭበት የፈላ ውሃ ነው። ሳፋ ውስጥ ነው፣ ዝቅ ብሎ ነው፣ ላባ ይንሳፈፍበታል፣ ልጅ ደሞ ላባ ያምረዋል። ስለዚ፦

1. ውሃው ሳፋ ውስጥ የሚገለበጠው ዶሮው ታርዶ ሲቀርብ ብቻ ነው፣ ቀድሞ አይዘጋጅ።
2. ሳፋው አጠገብ አንድ ሰው ሳይነሳ ይቀመጥ።
3. ዶሮው ወጥቶ እንዳለቀ ውሃው ያኔውኑ ይደፋ፣ "ቆይ ሌላ ዶሮ አለ" ከተባለም ያ ሰው አይነሳም።

ለልጁ ለብቻው አብስሉ

ቁሌቱ ውስጥ በርበሬ ከገባ በኋላ ለልጅ የሚሆን ነገር ማውጣት አይቻልም። ከመጀመሪያው ትንሽ ድስት ለይታችሁ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይት፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት አድርጋችሁ አንድ ብልት በአልጫ ስሩለት፣ እንቁላሉንም እዛው። በርበሬ ወይ ሚጥሚጣ አይኑ ከገባ እንዳያሸው እጁን ያዙ፣ በንፁህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት።

የሃይላንድ ጠርሙሶቹን እዩ

በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ አረቄ፣ ሁሉም ሃይላንድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ልጁ ደሞ ሃይላንድ ማለት ውሃ ነው ብሎ ነው የሚያውቀው። ዋዜማ ጠዋት ቤቱን ዙሩና ውሃ ያልሆነውን ሁሉ ቁምሳጥን ላይ አውጡት። ጠጥቶ ከተገኘ አታስመልሱት፣ ወተትም አትጋቱት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ቢቃጠል

1. ወዲያው ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ አቀዝቅዙት። ሰአት እያያችሁ፣ 20 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ልጁም ያለቅሳል፣ ግን አታቋርጡ። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እየቀዳችሁ አፍስሱ። በረዶ አይደረግም።
2. ውሃው እየፈሰሰ ልብሱን አውልቁ፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ካለ ግን ተዉት።
3. ያልተቃጠለውን ሰውነቱን በጋቢ ሸፍኑት፣ እንዳይበርደው።
4. ቃጠሎውን በንፁህ የታጠበ ጨርቅ ለስለስ አድርጋችሁ ሸፍኑና ውሰዱት።

ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የቡና ዱቄት አይቀባም። ጎረቤት በፍቅር ይዞ ይመጣል፣ "እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሀኪም ምንም አትቀቡ ብሏል" ብላችሁ መልሱ። ያበጠውን ውሃ አታፈንዱ። ከልጁ መዳፍ የሚበልጥ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይ ብልት ላይ ከሆነ ትንሽ ቢመስልም ሆስፒታል ነው።

ደረጃ 5፦ የዋዜማ ሌሊት

ሁለት ምርጫ አላችሁ፣ ከቀኑ ወስኑ። ወይ አንዳችሁ ታስቀድሳላችሁ አንዳችሁ ከልጁ ጋ ትቀራላችሁ፣ ወይ ልጁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ልጅ ሌሊት ቤተክርስቲያን መሄዱን እወዳለሁ፣ ከበሮውን ሰምቶ ያደገ ልጅ ሌላ ነው፣ ግን ካልተዘጋጁ ለሱም ለእናንተም ድካም ብቻ ይሆናል።

ይዛችሁ ከሄዳችሁ፦

- ከሰአት ከ8 እስከ 10 ሰአት አስተኙት፣ ማታም በተለመደው ሰአቱ ይተኛ፣ በእንቅልፉ ተሸክማችሁ ውጡ።
- በታህሳስ መጨረሻ የባህር ዳር ቀን ቢሞቅም ሌሊቱ ይበርዳል፣ ከሀይቁ የሚመጣ ንፋስም አለ። አንድ ወፍራም ሹራብ ከሚለብስ ሶስት ስስ ልብስ ይደርብ፣ ኮፍያና ካልሲ አይረሳ።
- መውጫው አካባቢ ቁሙ። ሲያለቅስ ሳትሳቀቁ ይዛችሁት ውጡ፣ ሲረጋ ተመለሱ።
- ጧፍ እጁ ላይ አታስይዙት፣ ጧፍ ከያዘ ሰው ፊትም አትቁሙ። ነጠላ እሳት ቶሎ ይይዘዋል።
- የሚቆርብ ከሆነ ዝግጅቱን ከቀናት በፊት የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፣ በር ላይ ደርሳችሁ አይሆንም።

ቤት ከቀረ አጎበሩ ይዘርጋለት፣ እንግዳ ስለመጣ መኝታ ቢቀያየርም አጎበሩ ከልጁ ጋ ይሂድ።

ከሰል መኝታ ቤት አይገባም

ለሙቀት ብሎ የጋየ ማንደጃ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብቶ መተኛት ቤተሰብ ይጨርሳል። ጭሱ ስላለቀ አደጋው አለቀ ማለት አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ከወትሮ የተለየ ድብታ ካያችሁ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዛ 907 ደውሉ። ልጁ ከበረደው አጠገባችሁ አስተኙት፣ ብርድ ልብስ ጨምሩለት።

ደረጃ 6፦ የበዓሉ ጠዋት፣ ጾም ሲፈታ

ለመግደፍ ብላችሁ ሌሊት ከእንቅልፉ አትቀስቅሱት። ትናንሽ ልጆች ባይጾሙም እናት ስትጾም ቤት ውስጥ የሚበስለው ከህዳር 15 ጀምሮ ሽሮና ምስር ነው፣ ስለዚ የልጁም ሆድ ከቅቤና ከስጋ ርቆ ነው የከረመው፣ በአንዴ ካጨቃችሁት ተቅማጥ ወይ ማስመለስ ይመጣል።

1. መጀመሪያ የለመደውን ቁርስ ይብላ፣ ገንፎም ዳቦም ይሁን።
2. ከዛ ከአልጫው ትንሽ፣ ስጋው በጣት ተሰንጥቆ፣ አጥንቱ ወጥቶ።
3. ቅቤ የበዛበት ነገር ለማግስቱ ይቆይ።
4. ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ለልጅ አይሰጥም፣ ኮሶም ሌላም በሽታ ያመጣል። በደንብ የበሰለውን ስጡት።
5. ጉርሻ የሚሰጠው በተረኛው እጅ ብቻ ነው። አጎት "ና እስቲ የኔ ጌታ" ብሎ ሲያጎርስ ልብ ያሞቃል፣ እሱ ካጎረሰ እትዬም ጋሼም ማጉረሳቸው አይቀርም፣ ስንት እንደበላ የሚያውቅ አይኖርም። ለአጎትዬው "ጋሼ፣ ለኔ ስጡኝ እኔ ላጉርሰው" በሉ፣ አይከፋቸውም።
6. የጠላና የጠጅ ብርጭቆ ቅሪት ያኔውኑ ይነሳ። "ትንሽ ቅመሽ" ብሎ ለልጅ ማቅመስ አይሆንም፣ አልኮል የትንሽ ልጅን ስኳር ቶሎ ያወርደዋል። ጠጥቶ ከደበተው ወይ ካንቀጠቀጠው ሆስፒታል።

ቢያንቀው

እየሳለ ከሆነ አትምቱት፣ ያስል፣ ሳሉ ራሱ ያወጣዋል። ድምፅ ማውጣት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፦

1. ከ1 አመት በላይ ከሆነ ወደ ፊት አጎንብሱት፣ በመዳፋችሁ ተረከዝ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በኃይል ምቱ።
2. ካልወጣ ከኋላው ተንበርከኩ፣ አንድ እጃችሁን ጨብጡና ከእምብርቱ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ በሌላው እጃችሁ ደግፋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ።
3. እስኪወጣ 5 ምት፣ 5 መሳብ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ሌላ ሰው 907 ይደውል።
4. ከ1 አመት በታች ከሆነ ሆዱ አይጨመቅም። ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ ጀርባውን 5 ምቱ፣ ገልብጡና ደረቱ መሀል ላይ በሁለት ጣት 5 ጊዜ ጫኑ።
5. የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት አትክተቱ፣ ይበልጥ ይገፋዋል።
6. ራሱን ከሳተ መሬት ላይ አስተኙትና ደረቱን መጫን ጀምሩ፣ እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ።

ከወጣለት በኋላም ሆዱን ተጭናችሁት ከነበረ ሀኪም ይየው።

ደረጃ 7፦ ቡናው

ቡና ላይ ሁሉም ሰው ይዝናናል፣ ተረኛውም ወሬ ውስጥ ይገባል፣ ለዛ ነው ይሄን ለብቻው የማነሳው።

ረከቦቱና ማንደጃው መተላለፊያ ላይ ሳይሆን ጥግ ላይ ይሁኑ፣ ከፊታቸው የምታፈላዋ ትቀመጥ። ጉዝጓዙ ማንደጃው ስር አይደርስ፣ ቄጤማ ደረቅ ሲሆን ይያያዛል፣ እርጥብ ሲሆን ደሞ ልጅ ያንሸራትታል። ትኩስ ጀበና በልጅ ራስ ላይ አይለፍ፣ ልጅ ጭኑ ላይ ያለ ሰው ሲኒ አይቀበል፣ ልጁን መጀመሪያ ያስረክብ። መስኮት ይከፈት። አስም ላለበት ልጅ እጣኑ ቢቀር ይሻላል፣ ካልሆነ ልጁ ውጭ ይጫወት።

ፈንዲሻ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ከ4 አመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ይሄን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፣ ሁላችንም ፈንዲሻ እየበላን ነው ያደግነው ይባላል፣ ግን ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ የገባ ቆሎ የሚወጣው በሆስፒታል ነው። ለሱ ዳቦ ቆርሳችሁ በራሱ ትንሽ ሳህን ስጡት፣ የራሱ ሳህን ካለው የሌላውን አይመኝም። ቡናው ሲያልቅ መሬት ላይ የወደቀውን ጥረጉ፣ ፍሙን ወደ ውጭ አውጥታችሁ ውሃ አፍስሱበት፣ አመድ የለበሰ ፍም የሞተ ይመስላል።

ደረጃ 8፦ እንግዳ

የግቢ በር ላይ ማንጠልጠያ ከፍ አድርጋችሁ ምቱ፣ እንግዳ ሲገባና ሲወጣ በሩ ተከፍቶ ይቀራል። ጉንፋን የያዘው ሰው ልጁን አይሳም፣ ከሩቅ ይመርቀው። ልጁ መሳም ካልፈለገ አታስገድዱት፣ እጅ ይንሳ በቃ። የቀን እንቅልፉ ለማንም እንግዳ ተብሎ አይዘለል።

ደረጃ 9፦ ከሰአት ሀይቅ ዳር

ማንጎ ፓርክም ሌላም የሀይቅ ዳር ቦታ በዓል ከሰአት ይሞላል። እዛ ተረኛው ልጁን እጁን ዘርግቶ በሚይዘው ርቀት ላይ ይሁን፣ ውሃ ዳር ላይ ከወንበር ሆኖ ማየት መጠበቅ አይደለም፣ ልጅ ሲሰምጥ አይጮህም።

እግሩን ጣናው ውስጥ እንዳይነክር። ጥልቀቱ ሳይሆን ቢልሃርዝያው ነው ነገሩ፣ በሳሩ መሀል ባለው ቀንድ አውጣ በኩል ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃም በቆዳ ይገባል። ነክሮ ከተገኘ ወዲያው በፎጣ ጠንከር አድርጋችሁ አድርቁት፣ ግን ማድረቁ ዋስትና አይደለም፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሰገራውን አስመርምሩ።

ጀልባ ከፈለጋችሁ ጠዋት ይሻላል፣ ከሰአት ንፋስና ማዕበል ይነሳል። ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት በልጁ ልክ የሆነ የህይወት አድን ጃኬት አሳዩን በሉ፣ የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ከሌላቸው አትሳፈሩ። አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፣ ዳር ላይ ወጥቶ ሳር ሲግጥ ከታየ ለፎቶ አትጠጉ።

አሳ ካዘዛችሁ ቀረሶውን ራሳችሁ በጣት እየፈተሻችሁ አጥንቱን ካወጣችሁ በኋላ ነው የምታጎርሱት።

ደረጃ 10፦ ከተራና ጥምቀት (ጥር 10 እና 11)

ከቤት ሳትወጡ፦

1. ጠዋት የለበሰውን ልብስ ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ ፎቶ በሞባይል አንሱት። ከጠፋ ምን እንደለበሰ ማስታወስ ይከብዳል፣ ሁሉም ልጅ ነጭ ነው የለበሰው።
2. ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስኪብርቶ ጻፉ፣ ስሙን አትጻፉ፣ በስሙ የሚጠራውን ሰው ሁሉ ያምናል።
3. መገናኛ ቦታ ወስኑ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን፣ የታወቀ በር ወይ ትልቅ ዛፍ። "ባጃጆቹ ጋ" አይሰራም፣ ባጃጆቹ ይሄዳሉ።
4. ውሃ፣ ኮፍያ፣ የለመደው ምግብ ያዙ።

ታቦታቱ ሲያልፉ ዳር ቆማችሁ ተሸክማችሁት ይይ፣ ሰልፉ መሀል አትግቡ። ወጣቶቹ ዱላ ይዘው የሚጨፍሩበት አካባቢም ልጅ ይዛችሁ አትቁሙ። ጸበል ሲረጭ ሰው ይገፋፋል፣ ከኋላ ቆማችሁ ጠብቁ፣ ለሁሉም ይደርሳል። ልብሱ ከራሰ ወዲያው ቀይሩለት።

ከጠፋ፦ አንድ ሰው መጨረሻ የታየበት ቦታ ላይ ይቁም፣ ከዛ አይነቃነቅ። አንድ ሰው መገናኛ ቦታው ይሂድ። ሌላው ፎቶውን ለቅርቡ ፖሊስና ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች ያሳይ፣ በድምፅ ማጉያ ይነገር። ውሃ ያለበት በኩል መጀመሪያ ይታይ። ጮክ ብላችሁ የልብሱን ቀለም ተናገሩ፣ አካባቢው ያለው ሰው ሁሉ ይፈልግላችኋል። ሲገኝ አትቆጡት፣ ሁለተኛ ሲጠፋ እንዳይደበቅ።

ደረጃ 11፦ ከበዓሉ በኋላ ቢታመም

እንቅልፉ የተበላሸው ቶሎ ይስተካከላል፣ ጠዋት በድሮ ሰአቱ ቀስቅሱት፣ ማታው ራሱ ይመጣል። ሆዱ ነው ቆይቶ የሚያስቸግረው።

ተቅማጥ ከጀመረው አንዱን ኦአርኤስ ፓኬት ሙሉውን በ1 ሊትር ንፁህ ውሃ በጥብጡ፣ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሆነ ሁለት ሙሉ። ከፓኬቱ ግማሹን ወይ በግምት ማድረግ አይቻልም፣ ስኳርም አይጨመርበት። ከ2 አመት በታች ለሆነ በየተቅማጡ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዛ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200፣ በማንኪያ ወይ በትንሽ ሲኒ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና ቀስ ብላችሁ እንደገና ጀምሩ። ከ24 ሰአት ያለፈውን ድፉት። ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘውን ቀን ጨርሱ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ ይጨመር፣ ምግብም አይከልከል።

ምንም መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ አይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ላይ ደም ካለ፣ ከፈዘዘ ወይ ካንቀጠቀጠው ኦአርኤሱን መንገድ ላይ እየሰጣችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ትኩሳት ከያዘው "የበዓል ድካም ነው" አትበሉ። ባህር ዳርና የጣና ዙሪያ ወባ አለ፣ በ24 ሰአት ውስጥ ጤና ጣቢያ አስመርምሩት፣ በተለይ ለበዓል ገጠር ዘመድ ጋ አድራችሁ ከመጣችሁ። ስትሄዱ የት እንዳደረ፣ ምን እንደበላ፣ ፓራሲታሞል በስንት ሰአት እንደሰጣችሁት ጽፋችሁ ያዙ፣ የክትባት ካርዱንም ጨምሩ።